ውጭ አገር ስንሄድ የአገሩ ሲም ይሻላል ወይስ ኢሲም? ክርክር

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት የክርክር ጥያቄያችን የመጣው ከአንዲት እህታችን ነው። በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ልትገዛ ዱባይ፣ ከዚያ ቻይና ጓንዡ ትሄዳለች። አንዱ “ኢሲም ጭነሽ ሂጂ፣ ከአውሮፕላን ስትወርጂ ኢንተርኔት ይኖርሻል” አላት። ሌላው “ያለ አገሩ ቁጥር ንግድ የለም፣ እዚያው ሲም ግዢ” አላት። ሁለቱም ሄደው የመጡ ሰዎች ናቸው። ማንን ትስማ?

ለማያውቅ ሰው፦ ኢሲም ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም ነው። ካርድ አይገባበትም። ኪውአር ኮድ ስካን ሲደረግ መስመሩ ይጫናል። የጉዞ ኢሲም የሚባለውን ደግሞ ከቤት ሆኖ ከኦንላይን ሻጮች መግዛት ይቻላል።

መከባበር እንዳይጎድል አደራ። ድርጅት ማስተዋወቅም አይፈቀድም።

ስልክ ጠጋኝ፣ መገናኛ፦
እኔ ኢሲም ነው የምለው። እኛ ጋ የሚመጣው ስልክ አብዛኛው ባለ ሁለት ሲም ነው፣ ግን ሁለቱም ቦታ ተይዟል። አንዱ የቴሌ፣ አንዱ የሳፋሪኮም። እዚያ ሄዶ ሲም የሚገዛ ሰው ከሁለቱ አንዱን ማውጣት አለበት። የወጣው ሲም የት ይቀመጣል? ፓስፖርት መሃል፣ የቦርሳ ኪስ ውስጥ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ። ከጉዞ ተመልሶ “ሲሜ ጠፋ” የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው።

ያ ሲም ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ቴሌብሩ በሱ ነው። የባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በሱ ነው። ውጭ ሆነህ ያንን መልእክት ካልተቀበልክ ገንዘብህን ማንቀሳቀስ አትችልም። ምትክ ለማውጣትም መታወቂያ ይዘህ እዚህ መገኘት አለብህ።

ኢሲም ሲሆን ምንም የሚወጣ ነገር የለም። አንዱን መስመር ከሴቲንግ ለጊዜው ታጠፋለህ፣ በቃ። የባንኩ መስመር ሮሚንግ (ውጭ አገር በሌላ ኦፕሬተር ኔትወርክ መሥራት ማለት ነው) ከተከፈተለት ኤስኤምኤስ መቀበሉን ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የቤታችሁን ሲም ዳታ ሮሚንግ ዝጉት፣ የኢሲሙን ደግሞ ክፈቱት። የጉዞ ኢሲም ራሱ በሮሚንግ ነው የሚሠራው። “ኢሲሙ አልሠራ አለ” ብለው ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ይሄንን ሳይከፍቱ የቀሩ ናቸው።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው። ግን ስለ ስልኩ ነው ያወራኸው። እኔ ስለ ሥራው ልንገርህ።

ጓንዡ ያዘዝኩትን ዕቃ ሱቁ ጭኖ ለሹፌር ይሰጠዋል። ሹፌሩ ካርጎው በር ላይ ሲደርስ ይደውላል። በዊቻት፣ በቻይናዎቹ የመልእክት መተግበሪያ፣ አይጽፍም፣ ስልክ ነው የሚደውለው። የጉዞ ኢሲም አብዛኛው ዳታ ብቻ ነው፣ የሚደወልበት ቁጥር የለውም። ሹፌሩ በ251 ወደሚጀምር ቁጥር ይደውላል ብለህ እንዳትጠብቅ። ካርቶኑን ያወርዳል ወይ ይዞት ይመለሳል።

አብራኝ የነበረች ልጅ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሺያኦቤይ አካባቢ ነው ያረፍነው። ጫማ ገዝታለች። ኢሲም ነበራት፣ ኢንተርኔቱም ጥሩ ይሠራ ነበር። ሹፌሩ መጥቶ ቁጥሯን አጥቶ ካርቶኖቹን ጎረቤት ካለ የሌላ ሰው ካርጎ በር ላይ አራግፎላት ሄደ። ጠዋት ዝናብ ዘንቧል። ካርቶኑ ከታች በስብሶ ስታነሳው ጫማው እግሯ ሥር ተዘረገፈ። ቆማ አለቀሰች። የሰው ገንዘብ ነው እኮ፣ ዕቁብ ነው።

ስለዚህ እኔ የአገሩን ሲም ነው የምለው። ፓስፖርት ይዘሽ ኦፕሬተሩ ቅርንጫፍ ትሄጃለሽ፣ ፊትሽን በካሜራ ያነሱሻል፣ ሲሙን ይሰጡሻል። የፊት ምዝገባው እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ደንብ ነው፣ አትደንግጪ። መንገድ ላይ “ሲም፣ ሲም” የሚልሽን ግን እለፊው።

ስልክ ጠጋኝ፣ መገናኛ፦
እትዬ፣ የልጅቷ ነገር ያሳዝናል። ግን ቻይና ላይ እኮ የአገሩ ሲም ሌላ ችግር አለው። ዋትሳፕ የለም። ቴሌግራም የለም። ጉግል የለም። የሆቴሉ ዋይፋይም ያው ነው። የጉዞ ኢሲም ግን ዳታው በሌላ አገር በኩል፣ ለምሳሌ በሆንግ ኮንግ ወይም በሲንጋፖር ዞሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቴሌግራሙ ይከፍታል። ነጋዴ ገበያ መሃል ቆሞ የሸሚዙን ፎቶ ለደንበኛ ልኮ “ስንት ደርዘን ልያዝልህ?” ካላለ እንዴት ይገዛል?

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
እኔ ደንበኞቼን ሁሉ ዊቻት አስጭኛቸዋለሁ። አዲስ ጀማሪ ግን ይሄ አይሆንላትም፣ እሱን አምንልሃለሁ። ደንበኛ የሚለመደው በጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ የኔን ጥያቄ መልስልኝ። ኢሲሙ የሚገዛው በምንድን ነው? በዶላር ካርድ አይደለም እንዴ? ከመርካቶ ሰው የውጭ ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ባንኩ ለጉዞ የሚሰጠውን ካርድ ያገኘ ሰው ያችን ዶላር ለዕቃው ነው የሚፈልጋት። የአገሩን ሲም በጥሬ ገንዘብ፣ በድርሃም ከፍዬ እገዛለሁ። ርካሽ ነው ቀላል ነው የምትሉት ነገር መጀመሪያ ካርድ ላለው ሰው ነው።

አስተባባሪ፦
ይሄ ነጥብ በደንብ ይያዝልኝ። ስለ ኢሲም የሚጻፈው ምክር ሁሉ የሚጀምረው “ካርድህን አስገባ” ብሎ ነው። ለብዙ ወገኖቻችን ግን ጉዳዩ እዚያችው መስመር ላይ ያልቃል። ቴሌ በብር የሚገዛ የሮሚንግ ጥቅል አለው፣ ለአጭር ቆይታ እሱንም ማየት ነው።

ስልክ ጠጋኝ፣ መገናኛ፦
እውነት ነው። ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመድ እንዲገዛለት ያደርግና ኪውአሩን በቴሌግራም ይቀበላል። ዘመድ ካላችሁ ጥሩ ነው። ከማታውቁት ሰው ግን ኪውአር አትግዙ። አብዛኛው ኮድ አንዴ ነው የሚሠራው። ሻጩ ለሁለት ሰው ከላከው ቀድሞ ስካን ያደረገው ይወስደዋል። ኢስታንቡል ለምትሄዱ ደግሞ፦ ቱርክ በ2025 የታወቁትን ኢሲም ሻጮች ድረ ገጽ ዘግታለች። እዚያ ደርሼ እገዛለሁ እንዳትሉ፣ እዚሁ ጭናችሁ ሂዱ።

ከዱባይ፣ ዴይራ፦
ስለ ዱባይ እኔ ልናገር፣ ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ።

ኤርፖርት ላይ ለቱሪስት ነፃ ሲም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ዳታው ትንሽ ነው፣ ግን ታክሲ ለመጥራትና “ደረስኩ” ለማለት ይበቃል። ከዚያ ከተማ ገብተሽ ትሞይበታለሽ። ስለዚህ ዱባይ ላይ ለኢሲም ዶላር ማውጣት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

እዚህ ዋትሳፕ ላይ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ይሄዳል፣ በዋትሳፕ መደወል ግን አይሠራም። እዚህ ያለ ሰው ቦቲም በሚባል መተግበሪያ ነው የሚደዋወለው። ይሄንን ከመምጣትሽ በፊት ለቤተሰብሽ ንገሪ። እናቶች አገር ቤት ሆነው ይደውላሉ፣ አይገናኝም፣ “ልጄ ምን ሆነችብኝ” ብለው ሌሊቱን ሲጨነቁ ያድራሉ። አንድ ቀን ቀድሞ ቦቲም መጫን ይሄንን ሁሉ ያስቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን የምለምናችሁ ይሄንን ነው። ሲሙ የሚወጣው በፓስፖርታችሁ ነው። ስትመለሱ “ለእህቴ ልጅ ልተውላት” ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ። በዚያ ቁጥር የሚሠራ ነገር ሁሉ በእናንተ ስም ነው። ሰው አጭበርብረውበት ቢገኝ ፖሊስ የሚፈልገው በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ነው። ደግነት መስሏቸው ሲሙን ሰጥተው ሄደው፣ በሌላ ጊዜ ሲመጡ ኢሚግሬሽን ላይ የተያዙ ሰዎች አውቃለሁ። ቻይናም በ2022 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ የቴሌኮም ማጭበርበር መከላከያ ሕግ አላት፣ ሲም ለሌላ ሰው መሸጥና ማከራየት ያስጠይቃል። በዚህ በዚህ የጉዞ ኢሲም ይሻላል፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ከስልኩ ታጠፊዋለሽ፣ እንደ ካርድ አውጥተሽ ለሰው የምትተዪው ነገር የለም።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ከሌላ ወገን ልምጣ፣ አዲስ አበባ ለበዓል ከሚመጣው።

መጀመሪያ ግን ክርክሩ የተቀመጠበትን መንገድ ላርመው። እናንተ የምታወዳድሩት ካርድና ኢሲምን ነው። የአገሩ ኦፕሬተርም እኮ ኢሲም መስጠት ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ይሰጣል። ስለዚህ የአገሩን ቁጥር በኢሲም መያዝ ይቻላል። ጥያቄው መሆን ያለበት “ቁጥር ያስፈልገኛል ወይስ ዳታ ብቻ ይበቃኛል?” ነው።

ይሄ ደግሞ ለምን አስቸኳይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከ2022 ጀምሮ፣ ከአይፎን 14 ወዲህ ማለት ነው፣ አሜሪካ የሚሸጥ አይፎን የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም። በ2025 የወጣው አይፎን 17 ደግሞ ዱባይ፣ ሳዑዲ፣ ኳታርና ኩዌትም የሚሸጠው እንደዚያው ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ስልክ የምትልኩ ሰዎች ይሄንን እወቁ። ተቀባዩ ሲሙን ይዞ ማስገቢያውን ሲፈልግ ይውላል።

አዲስ አበባ ስመጣ ታዲያ የጉዞ ኢሲም አይሆነኝም። ራይድ ስትጠሩ ሹፌሩ ካርታ ላይ ብቻ አይመጣም፣ ይደውላል። “የት ጋ ነህ?” ይላል። “ከባንኩ ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን” ብላችሁ በድምፅ ነው የምታመጡት። የሚደወልበት ቁጥር ከሌላችሁ ዝናብ ላይ ትቆማላችሁ። ነዳጅ እንኳ በቴሌብር ነው የሚከፈለው። ያለ አገሩ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ እንግዳ ሆናችሁ ነው የምትሰነብቱት።

ተማሪ፣ ሚላን፦
አውሮፓ ለሚመጣ አጭር ምክር። ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መሃል የሮሚንግ ጭማሪ ተነስቷል። ጣሊያን የገዛሁት ሲም ጀርመንም ፈረንሳይም ይሠራል። ብዙ አገር የሚዞር ሰው አንድ ሲም ይበቃዋል። ስዊዘርላንድና እንግሊዝ ግን እዚህ ውስጥ የሉም፣ ጄኔቭ ለስብሰባ የምትመጡ አስቡበት።

ኢሲምን በተመለከተ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ስልክ ወድቆ ስክሪኑ ቢጠፋስ? ካርድ ከሆነ አውጥቼ ጓደኛዬ ስልክ ላይ አስገባዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኢሲሙ ግን ከተሰበረው ስልክ ጋር ቀረ ማለት ነው። ሰው አገር፣ ማንንም በማታውቅበት ከተማ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስልክ ጠጋኝ፣ መገናኛ፦
ትክክል። ለዚያ መልስ የለኝም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ስልኬ አይፎን ነው፣ ወንድሜ ከቻይና ነው ያመጣልኝ። ኢሲም ይቀበላል?

ስልክ ጠጋኝ፣ መገናኛ፦
እህቴ፣ *#06# ብለሽ ደውዪ። ከአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሮቹ ሌላ ኢአይዲ የሚል ረጅም ቁጥር፣ 32 አሃዝ ያለው፣ ከመጣልሽ ይቀበላል።

ጠያቂዋ፦
ሁለት አይኤምኢአይ ነው የመጣው። ኢአይዲ የሚል የለም።

ስልክ ጠጋኝ፣ መገናኛ፦
እንግዲያው የዋናው ቻይና ገበያ አይፎን ነው። አብዛኛዎቹ ሁለት የካርድ ቦታ አላቸው፣ ኢሲም የላቸውም። ስምና ሞዴሉ አንድ ሆኖ የተሸጠበት አገር ይለየዋል። ስልክ ስትገዙ ይሄንን ጠይቁ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
በይ ልጄ፣ ስልኩ ወሰነልሽ። የባንክሽን ሲም አንደኛው ቦታ ላይ ተይው፣ አትንኪው። ሮሚንጉን ከመነሳትሽ በፊት አስከፍቺው፣ ዳታውን ግን ዝጊው። ሁለተኛውን እዚሁ አውጥተሽ ቤት ለሚቀር ሰው ስጪ። ዱባይ ነፃውን ካገኘሽ ያዢ፣ ካላገኘሽ ዴይራ ትገዣለሽ። ጓንዡ ላይ የኦፕሬተሩ ቅርንጫፍ ሄደሽ በፓስፖርትሽ አውጪ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለያንዳንዱ ሱቅ ስጪ። ዊቻቱን ግን እዚህ እያለሽ ክፈቺ፣ ቴሌግራም እዚያ እንደማይሠራ ለደንበኞችሽ ንገሪ።

ጠያቂዋ፦
ዊቻት ስከፍት ሌላ ተጠቃሚ ያረጋግጥልሽ ይለኛል። ማን ያረጋግጥልኛል?

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
እኔ አረጋግጥልሻለሁ። ስልክሽን ይዘሽ ቅዳሜ ሱቅ ነይ፣ ከሰዓት በፊት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ገበያ ነው።

አስተባባሪ፦
ክርክሩ ክፍት ነው። ሳዑዲ ለዑምራ የሄዳችሁና የቤት ሠራተኛ ሆናችሁ ቤይሩት ያላችሁ እስካሁን አልተናገራችሁም። ሲሙ በአሠሪ ስም ሲሆን ምን እንደሚገጥም ከእናንተ መስማት እንፈልጋለን።