ወፍጮ ቤቴን የእሳት እራት ወረረው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የወፍጮ ቤቷ ልጅ (ቡሬ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቡሬ ከተማ ከአባቴ የተረከብኩት ወፍጮ ቤት አለኝ። የሰው እህል እንፈጫለን፤ በቆሎና ስንዴ እየገዛን ዱቄት አድርገንም እንሸጣለን። ከፋሲካ ወዲህ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ግራጫ ቢራቢሮ የሚመስሉ ነገሮች ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ንቄ ተውኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ግን ዱቄት አልወርድ አለ። ሞተሩ ይሰራል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ ጆንያው ውስጥ የሚገባው ግን እፍኝ አይሞላም። አስቁሜ መውረጃውን ፈታሁት። እጄን ሰድጄ ስስብ ዱቄቱ እንደ ባዘቶ ተያይዞ መጣ። በድር ተሰፍቷል! ውስጡ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ሰውነቱ ነጣ ብሎ ትንሽ ቀላ ያለ ትል ይርመሰመሳል።

ከኋላ መጋዘን ውስጥ ደግሞ 23 ኩንታል በቆሎ አለኝ። ጆንያውን ነካ ሲያደርጉት ብር ብለው ይነሳሉ። እነዚያ ግን ግራጫ አይደሉም፣ ቀለማቸው ገለባ ነው የሚመስለው።

አንድ ነጋዴ "ክኒን ጣል አድርጊበት፣ በሦስት ቀን ጸጥ ይላል" ብሎኛል። ቅዳሜ ሊያመጣልኝ ነው። እኔና ሁለት ልጆቼ የምንተኛው ከመጋዘኑ ጎን ነው። በመሀላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ፈራሁ። ክኒኑን ልጠቀም ወይስ ይቅር? ማሽኑን በምን ላጽዳው? ትል የገባበትን ዱቄትስ ነፍቼ ብሸጠው ችግር አለው?

ነርሷ (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ ሌላውን የሚያውቁት ይመልሱልሽ። እኔ ስለ ክኒኑ ብቻ ልንገርሽ። እባክሽ እንዳታስገቢው!

ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነፍሳቱን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱው ነው። በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በበር ስር፣ በጣሪያ በኩል ያልፋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። አንዳንዴ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ይኖረዋል፤ "አልሸተተኝም" ማለት ግን "የለም" ማለት አይደለም። አፍ ላይ የሚደረገው የጨርቅ ማስክ ምንም አይከላከልም።

ማታ ተረኛ ሆኜ ባልና ሚስት ሲመጡ አይቻለሁ። እህሉን አልጋ ስር አስቀምጠው ክኒን ጨምረውበት ነበር። መጀመሪያ ያመማቸው ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ስለነበር "ምግብ ነው" ብለው እስኪነጋ ሊጠብቁ ነበር። ጎረቤት ጎትቶ ባያመጣቸው ኖሮ አይነጋላቸውም ነበር። ድንገት ክኒን ያለበት ቤት ገብቶ ያቅለሸለሸው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ውጡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ፤ "ክኒን ነበረ" ብላችሁ ንገሩ።

ጋሽ ባለወፍጮ (አዳማ)

ልጄ፣ ነርሷ ያለችሽን ስሚ። እኔ 31 ዓመት ወፍጮ ላይ ኖሬያለሁ፤ ሰው በሚተኛበት ግቢ ክኒን አስገብቼ አላውቅም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲያስጨሱ የሰለጠነ ሰው አምጥተው፣ ቤቱን አሽገው፣ ሰው አስወጥተው ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ግድግዳው ላይ የምታያት ቢራቢሮ ዱቄትሽን አትበላም። እድሜዋም ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። የሚበላው ትሉ ነው፤ ማሽኑን በድር የሚዘጋብሽም እሱ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ያለውን ፍሊት እየነፋሽ ብትውዪ ገንዘብሽን ነው የምትጨርሺው። ዱቄቱንም ትመርዢዋለሽ።

ትሉ የት ነው ያለው? ዱቄት ገብቶ የማይወጣበት ቦታ ሁሉ። መውረጃው ሲታጠፍ ክርኑ ላይ። ከድንጋዩ ሽፋን ስር። ቺንጋው በሚያልፍበት በኩል ዱቄት እየበነነ የሚከማችበት ማዕዘን። ወንፊት ካለሽ የእንጨቱ ፍሬም ስንጥቅ። እኔ አንዴ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቴ አጽድቼ አሁንም ይፈላል። ግራ ገባኝ። መጨረሻ ላይ ሞተሩ የተቀመጠበትን ጣውላ ሳነሳ ከስሩ የደረቀ ዱቄት አገኘሁ። አንድ ጣሳ ቢሞላ ነው። የሰፈሩ ትል ሁሉ እዚያ ነበር።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። እሁድ ማሽኑን አቁሚ፤ ቆጣሪውን አጥፊ። ከጣሪያ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ከታች ከጀመርሽ ከላይ የሚወርደው መልሶ ያቆሽሽብሻል። ድሩን በብረት ብሩሽና በቀጭን እንጨት ፋቂው። ውኃ አታስነኪው፤ ዱቄት ከረጠበ ሊጥ ሆኖ ይጣበቅና ይሻግታል። በኮምፕሬሰርም አትንፊው፤ ትሉን ወደ ስንጥቅ ነው የሚያስገባው። የጠረግሽውን ግቢ ጥግ እንዳትደፊው፤ ማታውኑ ተመልሶ ይገባል። ለዶሮ ስጪው ወይ በላስቲክ አስረሽ ፀሐይ ላይ አውዪው፣ ከዚያ ቅበሪው።

ልጅ እያሱ (ፍቼ)

እኛ አካባቢ በርበሬ ያጨሳሉ። ከሰል አቀጣጥለሽ ወፍጮ ቤቱ መሀል በርበሬ በትኚበትና በሩን ዝጊው። አንድም አይቀርም።

ሰብል ጠባቂ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ እያሱ፣ በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ፤ ግን ይሄ በጣም አደገኛ ምክር ነው። አየር ላይ የበነነ ዱቄት እሳት ካገኘ ይፈነዳል። እንደ ባሩድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚሁ ምክንያት ፈንድቶ 18 ሰው ሞቷል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ በጭራሽ አይግባ። በተለይ በጽዳት ቀን፣ ብናኙ በተነሳበት ሰዓት።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ሁለቱን ለይተሽ አይተሻቸዋል፤ ግራጫና ገለባማ ብለሻል። ልክ ነሽ፣ ሁለት የተለያዩ የእሳት እራቶች ናቸው። መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ግራጫዋ የዱቄት እራት ናት። ክንፏ ላይ ጠቆር ያለ የተሰባበረ መስመር አለው። ስታርፍ ከፊት ቀና ትላለች። ድር እየሠራ ወፍጮ የሚዘጋው የእሷ ትል ነው። ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ፣ ሙቀት ባለበት ቤት ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ አንድ እሁድ አጽድተሽ "አለቀ" እንዳትዪ። ያመለጠሽ እንቁላል ኋላ ይመጣል። በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ሳታቋርጪ አጽጂ።

ገለባማዋ የእህል እራት ናት። ዱቄት ውስጥ አትኖርም። ትሏ በቆሎው ፍሬ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያድገው። አንድ እፍኝ አንሺና ብርሃን ላይ ተመልከቺው። አንዳንዱ ፍሬ ላይ ክብ ቀዳዳ ታያለሽ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ገና ያልተቀደደ፣ ስስ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ነገር አለ፤ ልክ እንደ መስኮት። መስኮት ያለው ውስጡ ትል አለ፣ ለመውጣት ተዘጋጅቷል። ቀዳዳ ያለው ወጥቶ ሄዷል። ብዙ ጊዜ ከማሳ ጀምሮ ይዞ የሚመጣ ነው፤ በመጋዘንሽ መቆሸሽ ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ። ቢራቢሮዋ ደቃቃ ስለሆነች ወደ ክምሩ ጥልቅ መግባት አትችልም፤ ጉዳቱ የሚበዛው ከላይና ከዳር ነው። ያንን ለይተሽ አውጪ።

ስለ ዱቄቱ የጠየቅሽው፦ አትሽጪው። ወንፊት ትሉንና ድሩን ይይዛል፤ እንቁላሉንና የትሉን ኩስ ግን ያሳልፋል። አስም ያለበት ሰው ሊነሳበት ይችላል። ገዢው ቤት ወስዶ በሁለት ሳምንት ትል ካየበትም አይመለስልሽም። ካልሻገተ ለከብት ወይም ለዶሮ ይሁን። መቼም ኪሳራ ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ዛሬ ዓለም ላይ በሰፊው የሚረጨው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ተባይ ገዳይ ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው የዚችው የዱቄት እራት የታመመ ትል ከመጣበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤርንስት በርሊነር የተባለ ጀርመናዊ፣ ቱሪንጊያ ከሚባል የጀርመን ክፍለ አገር ወፍጮ የመጣ የታመመ ትል ውስጥ ነው ያገኘው። የወፍጮ ትል ሲሞት ዝም ብሎ ቢጥለው ኖሮ አያገኘውም ነበር።

የወምበርማ ገበሬ

ጎረቤትሽ ነኝ እህቴ። ስለ በቆሎው እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ክረምቱ ሳይገባ ፍጠኚ።

መጀመሪያ በሰፌድ አበጥሪው። ቀዳዳው የበዛበት ቀላል ነው፣ ይለያል። ከዚያ ፀሐይ። ዝም ብሎ ማስጣት ግን ቢራቢሮዋን ያባርራል እንጂ ፍሬው ውስጥ ያለውን አይነካም። ከስር ጥቁር ላስቲክ አንጥፊ፣ በቆሎውን በስሱ አስጪ፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ አልብሺና ዳሩን በድንጋይ ያዢው። ፀሐይ በከረረበት ቀን እጅሽን ከስር ብትሰጂ አትችይውም፤ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ትሉ እዚያው ይቀራል። ለዘር የምትይዢውን ግን እንዲህ አታድርጊው፣ ላይበቅል ይችላል።

ሲቀዘቅዝ ሦስት ድርብ ባለው ፒክስ ከረጢት ክተቺው። ሁለት ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያው ከውጭ። እየጠቀጠቅሽ ሙዪ፣ አየሩን ጭመቂ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠምዝዘሽ እሰሪ። የተረፈ ነፍሳት ካለ ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒት የለበትም። በየቀኑ እየከፈትሽ "ሞቱ ወይ" ካልሽ ግን አየር አስገባሽላቸው ማለት ነው።

እርጥብ እህል እንዳታስገቢበት! ይሻግታል፤ ሻጋታውም መርዝ ነው። በጥርስ ሰብሮ ማየት አለ፤ እኔ ግን ጨው ነው የማምነው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሪ፣ ደህና አድርገሽ ናጪው፣ ትንሽ አቆዪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው።

እናት ከሜሪላንድ

እኔ ወፍጮ የለኝም፤ ግን ይሄ ነገር ኩሽናዬ ድረስ መጥቶብኝ ነበር። እናቴ ከላከችልኝ ሽሮና በርበሬ ውስጥ። የእኔዎቹ ክንፋቸው ግማሹ ነጣ ያለ፣ ጫፉ የመዳብ ቀለም ነበረው። ቁም ሳጥኑን ሁሉ አጽድቼ አልለቅ አሉኝ። ለካ ትሉ ሲጠግብ ከምግቡ ወጥቶ ይሄዳል! ኮርኒስና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ላይ በድር ተጠቅልለው አገኘኋቸው። ስስ ላስቲክም በስተው ይገባሉ።

አሁን ከአገር ቤት የሚመጣ ዱቄት ሁሉ መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ያድራል። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ወዳለ ብርጭቆ ማሰሮ። የሚያጣብቅ ወጥመድም እዚህ ይሸጣል፤ በሴቷ ሽታ ወንዱን ይስባል። የሚይዘው ወንዱን ብቻ ስለሆነ አይጨርሳቸውም፤ መኖር አለመኖራቸውን ለማወቅ ግን ጥሩ ነው።

ሰብል ጠባቂ

ትክክል ነው። ያንቺዋ ሦስተኛ ዓይነት ናት፤ ለውዝና የደረቀ ፍራፍሬም ትወዳለች። ያ ወጥመድ የዱቄት እራቷንም ይይዛል፣ ሽታቸው አንድ ነው። የቡሬዋን ገለባማ የእህል እራት ግን አይስብም።

የወፍጮ ቤቷ ልጅ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጋዴውን ቅዳሜ "ይቅርብኝ" አልኩት። ትንሽ ቅር አለው።

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉኝ የሞተሩን ጣውላ አነሳሁ። ከስሩ ሁለት ጣሳ ዱቄት ወጣ፣ ጠቁሮ፣ በድር ተያይዞ። አባቴ ካስቀመጠው ጀምሮ ተነስቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስንጥቁን በጭቃ መርጌ ለስልሷል። ጆንያዎቹን ከግድግዳ አርቄ ርብራብ ላይ አድርጌያለሁ። አንድ ኩንታል ተኩል ዱቄት ለከብት ሰጠሁ፤ ሲወጣ ማየት ከብዶኝ ነበር።

በቆሎው ተበጥሮ 21 ኩንታል ቀረ። ዝናቡ ቀደመኝና ላስቲክ ስር ያሰጣሁት ስምንቱን ብቻ ነው። ቀሪው መድረቁን በጨው አይቼ በፒክስ ታስሯል፤ እስካሁን አልከፈትኩም። ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት ግድግዳው ላይ ያሉትን እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው እሁድ 40 አልፈው ነበር። ትናንት ሦስት ናቸው። ስድስት እሁድ አጽድቻለሁ፤ ሁለት ወር እስኪሞላ እቀጥላለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ደንበኞች የሚያመጡት እህል ውስጥ ቢኖርስ? መመለስ ይከብዳል፣ ጎረቤት ናቸው።

ጋሽ ባለወፍጮ

አትመልሺያቸው። የእነሱን ለብቻው፣ ማታ መዝጊያ ላይ ፍጪ። ዱቄቱን እዚያው ይዘው ይሂዱ፤ አያድርብሽ። እነሱ እንደወጡ መውረጃውን ፈተሽ ጥረጊው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።