ጭስ ማውጫው ይሞቃል፣ ባቡሩ ግን አይጨስም

ሰላም ወዳጆች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የ1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) የእንፋሎት ባቡር ሞዴሌ ማጨስ አቁሟል። ሀዲዱ ላይ 14 ቮልት አለ፤ ጭስ ማውጫው ሲነካ ስለሚሞቅ የማሞቂያ ሽቦው አልተበጠሰም። ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚጨመረው የጭስ ዘይት ከበዛ መሀል ያለችው ቀጭን ቱቦ ትሰጥምና ጭስ አይወጣም፤ ስለዚህ ትርፉን በሲሪንጅ ስቤ፣ በሶፍት ጫፍ አድርቄ፣ 8 ጠብታ ብቻ መለስኩ። ለውጥ የለም፤ አንዳንዴ ቡልቅ ብሎ ዘይት ይተፋል እንጂ። ፈሳሹ ለዚሁ የተሠራው ነው፣ የምግብ ዘይት አይደለም።

ጥርጣሬዬ ዘይት አልቆበት ሲሠራ ያረረው ቅሪት ቱቦዋን ደፍኗታል የሚል ነው። ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ በ0.3 ሚሊሜትር ሽቦ ብጠርጋት ማሞቂያውን እበጥሰው ይሆን? በአልኮል መዘፍዘፍ ይሻላል? ማጨሻውን በሙሉ መቀየር ግድ ከሆነስ፣ ከቮልቱና ከውፍረቱ ሌላ ምን ላመሳክር? የኔው ማጨሻ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው መስመር በብረት አካሉ በኩል ያልፋል።