አጎበር ሾልካ የምትገባዋ ደቃቅ ትንኝ፦ በውስጧ ያለው ባክቴሪያ ለልጆች ያሰጋል?

የሽምብጥ እናት፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ትንኝ ትመጣለች። አጎበር አያግዳትም። ልጆቼ እግራቸውን ሲያክኩ ያድራሉ። ዘመዴ ደግሞ «ባክቴሪያ በውስጧ ይዛ ነው የምትዞረው» ብሎ አስደነገጠኝ። ይተላለፍባቸው ይሆን? ደጅ የሚያድር የጋሪ ፈረስም አለን። የምታውቁ እባካችሁ!

የባዮሎጂ መምህር፦ እህቴ፣ በዚህ አትጨነቂ። እንዳልሽው ከሆነ ኩሊኮይደስ የምትባለዋ ትመስለኛለች። በአንዳንድ ዝርያዎቿ ውስጥ ዎልባኪያና ካርዲኒየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። የሚተላለፉት ከእናቲቱ በእንቁላል በኩል ነው። በንክሻ ሰውን አያሳምሙም። እንዲያውም ዎልባኪያ ጠቅሟል። ዮግያካርታ በተባለች የኢንዶኔዥያ ከተማ፣ ዎልባኪያ ያለባቸው የዴንጊ (በቫይረስ የሚመጣ የትኩሳት በሽታ) አስተላላፊ ትንኞች ተለቀው በሽታው በ77 በመቶ ቀንሷል። ባክቴሪያው ቫይረሱ በትንኟ ውስጥ እንዳይራባ ያደርጋል። በዚህችኛዋ ላይ ግን ነገሩ ገና ጥናት ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ እኔን ያሳሰበኝ ፈረሱ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የምታስተላልፈው ይቺው ትንኝ ናት። ፈረስን ቶሎ ይገድላል፤ አህያ ግን ብዙ ጊዜ ትቋቋመዋለች። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ በአፍንጫው አረፋ ከወጣ ውለሽ አትደሪ፤ ሐኪም ጥሪ። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ስለሚመረት የአካባቢሽን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቂ። ማታ ደጅ አታሳድሪው። ሳይመሽ ጋጣ ይግባ።

የዘጌ ልጅ፦ ቬንቲሌተር ካለሽ አልጋው አጠገብ አብሪው። በረራዋ ደካማ ስለሆነ ነፋስ አትችልም። እርጥብ ጭቃና እበት ውስጥ ስለምትራባ የጋጣውን ዙሪያ አድርቂ፣ ፋንድያውንም አርቂ። አጎበሩን ግን እንዳትተዪው! ለወባ ትንኝ ያስፈልጋችኋል። መብራት ላይ የሚርመሰመሱት የሐይቅ ትንኞች ደግሞ አብዛኞቹ አይነክሱም፤ እነሱን ተያቸው።

የሽምብጥ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቅ እፎይታ ነው። የትንሿ እግር ግን ያከከችው ቦታ መግል ይዟል። ይሄስ ከትንኟ አይደለም?

የባዮሎጂ መምህር፦ የለም፣ ከጥፍርና ከቆዳ ላይ በሚገባ ባክቴሪያ ነው። ጥፍሯን ቁረጪላት፣ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና ሳሙና እጠቢው። መግል ስለያዘ ነገ ጤና ጣቢያ አሳዪያት። ትኩሳት ካላት ሳታድር ውሰጃት፤ የወባ ምርመራም ታድርግ።