ወንድሜ ግቢ በገባ በጥቂት ወሩ «ወጥቼ ልምጣ» አለኝ፤ ምን ልምከረው?

እህት ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ አርባ ምንጭ ነው የደረሰው። እዚህ እያለ ከክፍሉ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ነበር። ማትሪክንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፈው። አሁን የሒሳብ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ከ30 11 አመጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሳ ድምፁ ሌላ ነው። «ክላስ ውስጥ ምንም አይገባኝም፣ እዚህ ሁሉም ቀለሜ ነው፣ ወጥቼ ልምጣ» ይለኛል። አባታችን ደግሞ «ይምጣና ሥራ ይልመድ» ብሏል። እኔ ግቢ አልኖርኩም፤ የምመክረው ጠፋኝ። የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ።

ጂሲ ነኝ፦
እህቴ አይዞሽ፤ እኔ አሁን ጂሲ፣ ማለት ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣው ሁሉ አንድ ሴክሽን ውስጥ ሲሰበሰብ አንዱ ሠላሳኛ መሆኑ አይቀርም። ይህንን ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሆኖ ያላየ የለም።

ነጥቡን እንቁጠረው። ብዙ ቦታ ከፋይናል በፊት ያለው ከ50 ይያዛል። ሚዱ 11 ነው። ኩዊዝና አሳይመንት ከ20 14 ቢይዝ 25 ይሆናል። ፋይናል ከ50 35 ከሠራ 60 ሞላ፤ ሲ ፕላስ ነው። 40 ከሠራ ቢ ማይነስ። በአንድ ሚድ የሚባረር ሰው የለም፤ የሚታየው የሴሚስተሩ ጂፒኤ (የሁሉም ኮርስ አማካይ ውጤት) ነው።

እኔ የምፈራለት እነዚያን 14 ነጥቦች ነው። ሃይስኩል መምህሩ ደብተር ያያል፣ ይቆጣል፣ ወላጅ ያስጠራል። እዚህ አሳይመንት ባታስገቢ ማንም አይፈልግሽም። ዜሮው ዝም ብሎ ይመዘገባል። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ፍሬሽማን አስተምራለሁ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ መምህሩ ቢሮ ሄዶ የሚድ ወረቀቱን ይይ። ልጆቹ ቢሮ ማንኳኳት የሚፈሩት ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ሃይስኩል ቢሮ የሚጠራ ያጠፋ ተማሪ ነው። እዚህ ግን የቢሮ ሰዓት የተመደበው ለነሱ ነው።

ወረቀቱን ሲያይ የት እንደተቀነሰበት ይለይ። የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ሒሳብ ምዕራፍ 1 ሎጂክና ስብስብ (set) ነው፤ ቀጥሎ የቁጥር ሥርዓት፣ ከዚያ ፈንክሽን። ብዙው ሃይስኩል የተማረው ነው። አዲሱ «አረጋግጥ» የሚለው ጥያቄ ነው። ማትሪክን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያጠቆረ ያለፈ ልጅ፣ ምክንያቱን መስመር በመስመር ጻፍ ሲባል እጁ ይታሰራል። መልሱ ልክ ሆኖ ከ5 1 የሚያገኝ አለ። ይህ የልምምድ ጉዳይ ነው፤ በቀን አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ጽፎ ይሥራ።

«አይገባኝም» የሚለው ደግሞ እንግሊዝኛው ሊሆን ይችላል። ሃይስኩል መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ብዙ መምህር የሚያስረዳው በአማርኛ ነበር። ሞጁሉን (የኮርሱን መማሪያ ጽሑፍ) ማታ አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ያልገቡትን ቃላት አይቶ ክላስ ቢገባ ግማሹ ይቀልለታል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ ስትደውዪ «ውጤት ስንት መጣ» አትበይው። «ምን በላህ፣ ከማን ጋር በላህ» በይው። ብቻዬን በላሁ ካለሽ ያኔ ተጨነቂ። ግቢ ጉባኤም ይሁን ጀማዓ ይሁን ፌሎ፣ በየእምነቱ የተማሪዎች ኅብረት አለ፤ የሚጠጋበት ሰው ይፈልግ። ደግሞ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ሌሊቱን መተኛትም ከባድ ነው። አጎበር አለው? ትኩሳት ከተሰማው ድካም ነው ብሎ ዝም እንዳይል፤ ወባ አለ፣ ክሊኒክ ሄዶ ይመርመር።

ነን ካፌ፦
እናንተ ደግሞ አባበላችሁት! እስቲ የት እንደሚያጠና ጠይቂው። «ዶርም» ካለሽ ነገሩ አልቋል። አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ ገላውን ታጥቦ ሬዲዮ ይከፍታል። ከእራት በኋላ ደብተሩን ይዞ ስፔስ (የማጥኛ ክፍል) ይግባ ወይ ላይብረሪ። ስልኩን ዶርም ይተወው። ሌላ፣ ፊዚካል ፊትነስን እንዳይንቃት። ጂፒኤ ውስጥ አትገባም ተብሎ የሚቀር አለ፤ ግን ማለፍ ግዴታ ነው።

ሬጅስትራር አካባቢ ነኝ፦
አንድ ነገር ብቻ። የፈለገው ቢመጣ ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ እንዳይወጣ። ከብዶት ማቋረጥ ካለበት ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) በጊዜው ይሞላል፣ ክሊራንስ (የግቢው ንብረት እንደሌለበት ማረጋገጫ) ይጨርሳል። ያኔ በደንቡ መሠረት ተመልሶ ለመግባት ማመልከት ይችላል። ሳይሞላ የጠፋ ልጅ ጉዳይ ግን ጣጣው ብዙ ነው። አባትሽ ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነው።

እህት ከደብረ ብርሃን፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት መምህሩ ጋ ሄዶ ነበር። ሁለት ጥያቄ ባዶ ትቶ ነው የወጣው፤ ሰዓት አልቆበት። አንዱን ደግሞ መልሱን ብቻ ጽፎ፣ ልክ እንዳሉት፣ ከ5 1። የሚያጠናውም ዶርም ነበር፤ ነን ካፌ አውቀህበታል! ለአባቴ የዊዝድሮዋሉን ነገር ነገርኩት፤ «እንግዲያው ሴሚስተሩን ይጨርስ» አለ። አሁን ደግሞ ላፕቶፕ ካልገዛሽልኝ እያለ ነው። የግድ ነው?

ጂሲ ነኝ፦
ለመጀመሪያ ዓመት የግድ አይደለም። ሞጁሉ በቴሌግራም ስለሚገኝ ስልኩ ላይ ያነበዋል። አሳይመንት የሚጻፍ ሲመጣ በኮምፒውተር ጽፈው የሚያትሙ ቤቶች አሉ፣ የግቢው ኮምፒውተር ክፍልም አለ። ዲፓርትመንት ሲመርጥ ሶፍትዌር ወይ ኢንጂነሪንግ ከደረሰው ያኔ ይገዛል። አሁን ያንን ብር የሞጁል ማተሚያ ላኪለት፤ የሒሳቡን በወረቀት ቢይዘው ይሻለዋል።