የሳዝ ሆፕ መዓዛ የት ጠፋ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በቤቴ የገብስ ቢራ እጠምቃለሁ። ዘመዴ ከውጭ 100 ግራም ሳዝ፣ ማለትም የቼኮቹን ነባር ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠውን የተክል አበባ) አምጥቶልኝ 65 ግራሙን በ20 ሊትር የብቅል ውኃ ላይ ገና መፍላት ሲጀምር ጨምሬ አንድ ሰዓት አፈላሁት። ቢራው መጠነኛ ምሬት ቢኖረውም ከከረጢቱ ያወደኝ የአበባና የቅመም ሽታ ፈጽሞ የለበትም። ጥፋቱ የሆፑ ነው ወይስ የእኔ? በጌሾስ ልተካው እችላለሁ?

ቦርከና፦
ሆፑ ጥፋት የለበትም፤ የተጨመረበት ሰዓት ነው። ምሬቱ የሚገኘው አልፋ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በፍላት ሲለወጥ ሲሆን መዓዛው ግን ከእንፋሎት ጋር በሚበንኑ ዘይቶች ውስጥ ስለሆነ፣ ለአንዱ የሚበጀው ረጅም ፍላት ሌላውን ያጠፋዋል። የሳዝ አልፋ አሲድ ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ያን የመሰለ ሆፕ ለምሬት ብሎ መጨረስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያሳዝነኛል። ለምሬቱ እንደ ማግነም ያለ ብርቱ ሆፕ ከ15 እስከ 20 ግራም ከመነሻው ይጨምሩ፤ ከቀረዎት ሳዝ 10 ግራሙን ፍላቱ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ 25 ግራሙን እሳቱ እንደጠፋ ያግቡ።

ከፍታውንም አይርሱ። እኛ ኮምቦልቻ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደሴ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። የአልፋ አሲድ ለውጥ ሙቀት ሲቀንስ ስለሚዘገይ፣ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚጠምቅ ሰው የተጻፈ መመሪያ እናንተ ዘንድ ምሬቱ ያንሳል። የመራራውን ሆፕ ፍላት ወደ 90 ደቂቃ ማራዘም ይሻላል።

አዝዋ ገደል፦
ስለ ጌሾው ልመልስ። ጌሾና ሆፕ የአንድ ቤተሰብ ተክሎችም አይደሉም። እናቴ ለጠላ የጌሾውን ቅጠል ወቅጣ ጥንስሱ ውስጥ ስትጨምረው ምሬቱ ሳይፈላ፣ በዚያው በመብላላቱ ይወጣል። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የጠላ ጣዕም ነው እንጂ የሳዝን የአበባ ሽታ አይሰጥዎትም።

ጦሳ ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀረው 35 ግራም ግን አፉ በላላ ከረጢት ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አንድ ወር ሆኖታል።

ቦርከና፦
መዳፍዎ ላይ አሽተው ያሽትቱት። የቆየ አይብ የሚሸት ከሆነ ቢራው ውስጥ አያግቡት። መልካም ከሆነ አየሩን ከከረጢቱ አስወጥተው፣ በደንብ አሽገው ዛሬውኑ በረዶ ቤት ያስገቡት።