የሰርቨር ማዘመን መሃል ላይ ተቋርጦብኛል፤ የትኛውን ልጫን፣ የትኛውን ልተው?

የመጋዘኑ ሠራተኛ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ የመድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ሰርቨሩን በማዘመን ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ባትሪው) ብዙ አልቆየም። አሁን ሰርቨሩ ተነሥቶ የክምችት መዝገቡም ይከፈታል፤ ነገር ግን ማንኛውንም ማዘመኛ ልጭን ስል «ባዶ ቦታ የለም» ይለኛል፣ ዲስኩ ግን ግማሹ ባዶ ነው። የሚጠብቁት ማዘመኛዎች ከመቶ በላይ ናቸው፤ በሞባይል ዳታ ስለምሠራ ሁሉንም ማውረድ አልችልም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ጭነት ይወጣል። እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

ነባር አባል፦ ማዘመኛ የሚመረጠው በብዛቱ አይደለም። በመጀመሪያ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍነውን አዲስ ነገር ከሚጨምረው ይለዩ፤ ቀጥሎም ቀዳዳው ያለበት አገልግሎት ከውጭ በኢንተርኔት የሚደረስበት መሆኑን ይመልከቱ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ የደፈነው መጋቢት 2017 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው ግን በግንቦት ነው። የተጎዱት በእጃቸው የነበረውን ማዘመኛ ሳይጭኑ የሰነበቱ ናቸው።

የአያቱ፦ አጥፍተው ያስነሡት፤ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ እባክዎ እንዳያጠፉት! ከርነሉ (የሲስተሙ አስኳል) በግማሽ ተጭኖ ከሆነ ሰርቨሩ ላይነሣ ይችላል። የትኛው ሲስተም እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው።

ጥንቁቅ፦ እኔ ግን ጥያቄውን ራሱን አልቀበለውም። መዝገቡ እየተከፈተ ለምን ይነካል? በ2024 ኤክስዜድ በተባለው መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀው የጓሮ በር የገባው በአዲሶቹ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ነው። የቸኮለ ለአደጋ ተጋለጠ፣ የዘገየ ተረፈ።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ያ እትም ኡቡንቱ 22.04 ላይ አልደረሰም፤ ለተረጋጋ እትም የሚወጣ የደኅንነት ጥገና ደግሞ በአመዛኙ ያንኑ ቀዳዳ ብቻ በነባሩ እትም ላይ የሚደፍን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው የኦፕን ኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ ማዘዣ ፕሮግራም) ቀዳዳ ግን 22.04ን ነክቷል፤ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው እንኳ ከውጭ ሆኖ ሙሉ ሥልጣን ሊይዝበት የሚችል ነበር። እዚያ ላይ መዘግየት አያተርፍም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። የሞላው ዋናው ዲስክ ሳይሆን «ቡት» (/boot) የተባለው ትንሹ ክፍል ይመስለኛል፤ አሮጌ ከርነሎች ይጠራቀሙበታል። «ዲኤፍ -ኤች» (df -h) ብለው ያረጋግጡ። ከዚያ «ዩኔም -አር» (uname -r) ብለው አሁን የሚሠራውን ከርነል በወረቀት ይጻፉ፤ እርሱን በፍጹም አይንኩ። ከእርሱ የሚያንሱትን አሮጌዎች በእጅ ፋይል በመሰረዝ ሳይሆን በ«ዲፒኬጂ» (dpkg፣ ፕሮግራም መጫኛና ማንሻ መሣሪያ) ማስወገጃ ትእዛዝ አንድ በአንድ ያስወግዱ፣ ምክንያቱም የተለመደው ማዘመኛ ትእዛዝ «አፕት» (apt) በተቋረጠው ጭነት የተነሣ እምቢ ሊልዎ ይችላል። ቦታ ሲገኝ የተቋረጠውን በ«ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» (dpkg --configure -a) ያስጨርሱ።

ዛሬ ማታ በስም ጠርተው ኦፕን ኤስኤስኤችን እና የግንኙነት ማመስጠሪያውን ኦፕን ኤስኤስኤልን ብቻ ያዘምኑ፤ ለዳታ ፓኬጅዎም ቀላል ናቸው። ፖስትግሬስ ሲዘምን አገልግሎቱን ዳግም ስለሚያስነሣ፣ አዲስ ከርነልም ሰርቨሩን ዳግም ማስነሣት ስለሚፈልግ፣ ባክአፕ (የዳታ ቅጂ) ወስደው ሁለቱንም መጋዘኑ በሚዘጋበት እሑድ ያድርጓቸው።

የገላኑ፦ ከሁሉም በፊት ጄኔሬተሩን ናፍጣ አጠጡት፤ እርሱ ከጠገበ ሰርቨሩም ይረጋጋል።

የአያቱ፦ እኔ አሁንም አጥፍቶ ማስነሣት ይበቃል እላለሁ።

ነባር አባል፦ ማስነሣቱ የሚመጣው የተቋረጠው ጭነት ያለ ስሕተት ካለቀ በኋላ ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ የ«ቡት» ክፍሉ ስንት በመቶ አሳየዎት? የዳታቤዙስ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ዲስክ ላይ አለ?