«ባዶ አልጋ እያለ ምን ፍላጎት አለ?»

መዝጋቢዋ፦ ዛሬ ከስብሰባ ተናድጄ ወጣሁ። የጥቃት ተጎጂዎች መጠለያ በጀት ሲነሣ አንድ ኃላፊ «ባዶ አልጋ እያለ ምን ፍላጎት አለ?» አለ፤ ተጨበጨበለትም። መዝገቡን ለዓመታት የያዝኩት እኔ ነኝ። እናት ከአንድ ልጇ ጋር አራት አልጋ ያለበት ክፍል ስትገባ ሁለቱ «ባዶ» ተብለው ይመዘገባሉ። ማንን ላስተኛባቸው? የማታውቀውን ቤተሰብ?

ቁጥር ይናገር፦ ንዴትሽ ይገባኛል እህቴ፤ በጀት ግን በንዴት አይመደብም። አልጋው መለኪያ ካልሆነ ምኑ ነው? «ከሦስት ሴቶች አንዷ ጥቃት ይደርስባታል» እንዳትዪኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ግምት በሕይወት ዘመን የደረሰን ጥቃት ነው የሚቆጥረው፤ ባልም ፍቅረኛም ያልሆነ ሰው የፈጸመው ወሲባዊ ጥቃትም አለበት። ዛሬ ማታ ማደሪያ ያጣችውን አይነግረንም።

እማኝ፦ ባዶ አልጋስ ይነግረናል? የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ መረጃ ባላቸው አብዛኞቹ አገሮች ጥቃት ደርሶባቸው እርዳታ የጠየቁት ከ40 በመቶ በታች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በብዛት የሄዱት ወደ ቤተሰብና ወዳጅ ነው። በራችሁን ያላንኳኳችው ሁሉ አልተደበደበችም ማለት ነው?

ቁጥር ይናገር፦ እንደዚያ አላልኩም! ቃል አታስገባብኝ። የአውሮፓ ምክር ቤት ለ10,000 ነዋሪ በመጠለያ አንድ የቤተሰብ ቦታ፣ ማለትም እናት ከልጆቿ ጋር የምታርፍበት፣ ይላል፤ ቢያንስ እሱ የሚጨበጥ ነው።

መዝጋቢዋ፦ ቀጥሎ ያለውንም አንብበው። በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል ያው ምክር ቤት ያወጣው የኢስታንቡል ስምምነት ማብራሪያ ያንኑ ጠቅሶ፣ የቦታው ብዛት በእውነተኛው ፍላጎት ይወሰን ይላል። ዞረን እዚያው። እኔ የምለው፦ «ቦታ የለም» ብለን የመለስናቸው ይቆጠሩ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓመት አንድ ቀን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተስተናገዱት ሰዎችና ያልተሟሉት ጥያቄዎች ይቆጠራሉ።

ቁጥር ይናገር፦ ባልተሟላው ላይ ጥያቄ እንጂ ሴት አልተቆጠረችም። አንዷ ሦስት መጠለያ ደውላ ሦስቴ ብትመለስ ሦስት ሆነች። መጠለያዎቹ ሁሉ በጋራ መዝገብ ላይ የመታወቂያ ቁጥር ይያዙና ድግግሞሹ ይውጣ።

እማኝ፦ የመታወቂያ ቁጥር?! ያ የጋራ መዝገብ ያለበት ቢሮ የባሏ ወንድም ቢሠራስ? የመጠለያው አድራሻ የሚደበቀው ለምን መሰለህ?

ማዶ፦ ወንዶችም ይደበደባሉ፤ እነሱን ማን ቆጠረ?

እማኝ፦ ይቆጠሩ፤ ማን ከለከለ? ግን የሴቶቹ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ብቻ ለምን ትዝ ይሉሃል?

ማዶ፦ ዛሬ ነው ያነሣሁት። አታውቀኝም።

መዝጋቢዋ፦ እባካችሁ፣ ወደ «ባዶ» እንመለስ። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች ሴት ደረጃው አላስገባ ብሏት ተመልሳለች። የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አይገባም ስለተባለ ልጄን ትቼ አልገባም ያለች አለች። በሁለቱም ሌሊት አልጋ ነበረ፤ መዝገቡ «ባዶ» ይላል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ «ለምን ተመለሰች» የሚል መስመር የለም። በገዛ እጄ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይዤዋለሁ፤ ነገ ለኃላፊው አያይዤ እልክለታለሁ።

ቁጥር ይናገር፦ ላኪው፤ ምክንያቱ ጠቃሚ ነው። ድግግሞሹን ካላወጣሽ ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይጥለዋል።

መዝጋቢዋ፦ ድግግሞሽ ለማውጣት ስማቸውን ልስጠው?